ባዩ አምስት ወር የደበቀው ማሳከክ

ባዩ ዓረብ አገር፣ ፉጣ በሚባል ሰፈር ባለ ልብስ ማጠቢያ ቤት መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ዝምተኛ ጎጃሜ ነው። ሚስቱ ምኞት አንድ ቤተሰብ ዘንድ እዚያው እያደረች ትሠራለች። የሚገናኙት በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ብቻ ነው፤ ያን ቀን አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ክፍሉን ለቀውላቸው ይወጣሉ።

ማሳከኩ መጀመሪያ ብሽሽቱ ላይ ነበር። ላብ ነው ብሎ ናቀው። ወደ ብልቱ አልፎ ቆዳው ቀልቶ ሲላላጥ ግን ደነገጠ። ባለፈው ዓመት ለእረፍት አገር ቤት ሄዶ ሳለ፣ ባሕር ዳር ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ሳይጠነቀቅ ተኝቶ ነበር። “ያ ነገር ተከተለኝ” አለ በልቡ።

በሽታ የተገኘበት ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው አይታደስም፣ ወዲያው ወደ አገሩ ይሸኛል ሲባል ስለሰማ ሐኪም ፈራ። መድኃኒት ቤት ገብቶ “እጄን ያሳክከኛል” ብሎ ዋሽቶ ቅባት ገዛ። ሲቀባው ይሻለዋል፣ ሲተወው ይብስበታል። በዚያ ላይ ወለል በሚጸዳበት ጀርም መግደያ ጠዋትና ማታ ይታጠባል። ባቃጠለው ቁጥር በሽታው የሚሞት ይመስለው ነበር።

ምኞት ስትመጣ ወገቤን አመመኝ፣ ደከመኝ ይላታል። እንዲህ አምስት ወር አለፈ። አንድ ዓርብ አባያዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

“ሌላ ሴት ካለችህ ንገረኝና ኸላስ፣ ልረፍ።”

ባዩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባሕር ዳር ያደረገውን ነገራት፤ ማሳከኩንም ነገራት። “አንቺንም አስይዤሽ እንደሆነስ?” አላት።

ምኞት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። “የበደልከኝን በኋላ እናወራዋለን” አለች። “አሁን ያላ፣ ተነሥ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ።”

በቅርብ ባለ ክሊኒክ ያገኙት ሐኪም ሸበቶ ሱዳናዊ ነበር። ቆዳውን አየና “በምንድን ነው የምትታጠበው?” ብሎ ጠየቀ። ባዩ ስለ ጀርም መግደያው ፈሳሽም ስለ ቅባቱም ሲነግረው ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

“የአባላዘር በሽታ አይመስለኝም። መነሻው ላብ ሳይሆን አይቀርም፤ ቆዳህን ያቆሰልከው ግን ራስህ ነህ፤ ፈሳሹ ያቃጥለዋል፣ ቅባቱ ያሳሳዋል። ቢሆንም ጥንቃቄ ስላላደረግህ የሁለታችሁንም ደም እንመርምር።”

ውጤቱ እስኪመጣ ባዩ በካውያ ሁለት ሸሚዝ አቃጠለ። በሦስተኛው ቀን ምኞትም አስፈቅዳ መጣች፤ ኤች አይ ቪም ቂጥኝም እንደሌለባቸው ተነገራቸው። ባዩ ወረቀቱን ይዞ አለቀሰ። ምኞት ግን አላቀፈችውም። “እግዚአብሔር ይመስገን” አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። በሚቀጥሉት ሁለት የእረፍት ዓርቦቿም አልመጣችም።

ሐኪሙ ፈሳሹንና ቅባቱን አስትቶ፣ በውሃ ብቻ እንዲታጠብና ቫዝሊን እንዲቀባ አዝዞት ነበር። ቅባቱን ሲተው ማሳከኩ እንደገና ተነሣበት። ፈርቶ ደወለላት።

“ተመልሶ መጣብኝ።”

“ሐኪሙ መጀመሪያ ይብስሃል ብሎህ አልነበር? ታገሥ እንጂ።” “ዓርብ እመጣለሁ” አለችው።

መጣችም። ከበትሃ ገበያ የገዛችለትን የጥጥ ሙታንታ አልጋው ላይ ዘረገፈችና፣ ገና ሳትቀመጥ “አሁን ስለዚያች ሴት ንገረኝ” አለችው። ያን ቀን ብዙ አወሩ፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ቆዳው ሙሉ በሙሉ የዳነው በሦስተኛው ወር ነው። ምኞት ይቅር ለማለት ከዚያም በላይ ፈጀባት።