ከበሮው ዝም የሚልባት ቦታ

ፖሊስ ጣቢያው የገባሁት በአንድ እግር ጫማ ነው። ሌላኛው ግርግሩ መሀል ወልቆ ቀርቷል። በር ላይ የተቀበለችን ሴት ፖሊስ ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ እየሰበሰበች ነበር፤ እኔ ጋ ስትደርስ ቁልቁል አየችና ሳቋን ዋጥ አደረገች። ያለችኝን አንዷን ማሰሪያ ፈትቼ ሰጠኋት።

ዕለቱ አርብ ነበር። ጆሃንስበርግ ውስጥ አርብ ከሰዓት የተያዘ ሰው ሰኞ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ እዚያው እንደሚሰነብት ከእኛ ሰው የማያውቅ የለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሰዎች በቡድን እየዞሩ የውጭ ሰው ሱቅ ሁሉ ይዘጋ እያሉ ሲያስፈራሩ ከርመዋል። ቤሪያ በሚባለው ሰፈር የምንኖር ሰዎች፣ የሀገሬውም ተወላጅ እኛም፣ ጎረቤታሞች መሆናችንን ለማሳየት ሰልፍ ወጣን። ፈቃድ ነበረን። ፖሊሶቹ ግን ፈቃዱ ለዚህኛው መንገድ አይደለም አሉ። ግፊያ ሆነ፣ ጭስ ሆነ፣ እጃቸው የደረሰበትን ሰው መኪና ላይ ጫኑ። እኔ ደግሞ ሮጬ የማመልጥ ሰው አይደለሁም።

የታሰርንበት ክፍል ሰፊ ቢሆንም ሰው ሞልቶታል። ግድግዳውን ተከትሎ የሲሚንቶ መደብ ተሠርቷል፤ ጥግ ላይ መዝጊያ የሌለው ሽንት ቤት አለ፤ ግራጫ ብርድ ልብሶቹ የሌላ ሰው ላብ ይሸታሉ። ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚገባው የታክሲዎች ክላክስ ነው። የሙያ ነገር ሆኖብኝ የትኛው ቀጭን፣ የትኛው ወፍራም እንደሆነ መለየት ጀመርኩ። ልብ የሚያርፍበት ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል።

ሙያዬ ስል፣ እንጀራዬ ማለቴ አይደለም። በሥራ ቀን ጄፒ መንገድ ላይ መጋረጃ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቤሪያ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ልጆች ሰብስቤ ሙዚቃ አስተምራለሁ። ክራር የሚመቱት የእኛ ልጆች ናቸው። ማሪምባ የሚባለውን፣ ተደርድረው በዱላ የሚመቱ እንጨቶች ያሉትን መሣሪያ የሚመታው አንድ ረጅም የዙሉ ልጅ ነው። ትራምፔት የምትነፋው ልጅ ወላጆቿ ከኮንጎ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ ሲመጡ እያንዳንዱ ጀርባውን ሰጥቶ የራሱን ብቻ ነበር የሚመታው፤ ገበያ ነበር የሚመስለው። አብረው መጫወት ከለመዱ በኋላ ግን አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ምት ይጨምርበታል። ሕጋችን አንድ ነው። ስንጀምር አንቆጥርም፤ ሁላችንም አብረን አየር እንስባለን። አንድ ሰው ካልሳበ አንጀምርም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ወላጆች የተጠሩበት የመጀመሪያ ዝግጅታቸው ነበር። እኔ የለሁም። ከዚህም የባሰ፣ ከበሮ የምትመታው ልጅ አትመጣም፤ የከለከላት አባቷ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር።

ይህ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው። የሆሳዕና ሰው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ምድር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ «ልጄን እዚህ ሀገር የማሳድጋት እንድትማር ነው እንጂ አዝማሪ እንድትሆን አይደለም» ብሎኝ ሄዷል። አርብ ዕለት ዕቃ ሊጭን ከተማ ወርዶ ነበር። ልጅቷ ከበሮዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሰልፉ መሀል አያት። ልጆቹን እንዳትመጡ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ከሌሎቹ ጋር መጥታለች። የገዛውን ዕቃ አስፋልት ዳር ጥሎ ሊጎትታት ገባ። እጇን ያዘ፣ ጭሱ መሀል አመለጠችው፣ ፖሊስ ደግሞ የእሱን እጅ ያዘ።

«ልጄ የት ናት?» አለኝ፤ በሩ ከኋላችን ሳይቆለፍ።

«ከልጆቹ ጋር ናት። ወደ ታች ሲሮጡ አይቻለሁ።»

«ሲሮጡ አየሁ ትለኛለህ?»

«ጋሼ፣ ሰልፉ ላይ እንዳትመጡ ብያቸው ነበር እኮ።»

«አንተ አዝማሪ! ከበሮ ስትሰጣት የት የምትመታው መስሎህ ነው? ጓዳ?»

ዝም አይነቅዝም ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

መደቡ ላይ አንድ ማዳላ ነበሩ፤ እዚህ ሽማግሌን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። እሳቸውም ከሰልፉ የተያዙ ናቸው። የሱፍ ቆብ አድርገዋል። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁና ባለሱቁን «ባባ፣ ና አረፍ በል» አሉት። ዞሮ አያቸው። ባባ ማለት አባት ነው፤ ሰው አክባሪ ዙሉ ነው እንዲህ የሚለው። እሱ ደግሞ በሱቁ ፍርግርግ መስኮት በኩል «ማይ ፍሬንድ» ሲባል የኖረ ሰው ነው። ደንበኞች የእኛን ሰው ሁሉ የሚጠሩት በዚህ ነው፤ ስምህን አለማወቃቸውን በፍቅር ይነግሩሃል። ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

አመሻሹ ላይ ያቺ ሴት ፖሊስ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ስልክ ፈቀደች። ስልኩ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ነው። ተራዬ ከባለሱቁ ቀጥሎ ስለነበር ከጀርባው ቆሜ ሰማሁ። መጀመሪያ ከሚስቱ ጋር በሀዲይኛ አወራ። ትከሻው ወረድ ሲል አየሁ። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ፤ ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ ነበር።

«ማን አደረሰሽ?» አለ። ብዙ አዳመጠ። «ሁሉም? ያ ረጅሙም?» ደግሞ አዳመጠ። «ከበሮውንስ?»

የነገረችውን እኔ አልሰማሁም። እሱ ግን ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆየ። «በሩን ቆልፉ» አለና ዘጋው።

ወደ እኔ ሲዞር ፊቱ ሌላ ሆኗል። «አይቮሪ ፓርክ ድረስ አምጥተዋታል» አለኝ። «ከበሮውን እየተቀባበሉ። ታክሲ ውስጥ ከእናቷ ጋር በስልክ በአማርኛ ስታወራ አንዱ ሰምቶ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ብሎ ጮኸባት። ያ ረጅሙ ልጅ ተነሥቶ፣ እኮ ቤቷ ልናደርሳት ነው አለው። ሌሎቹም አብረው ተነሡ። ሹፌሩ ሰውየውን አስወረደው አለች።»

«አብረው ነው የሚጫወቱት» አልኩት።

እጄን ወደ ስልኩ ስዘረጋ፣ «አንተ ማን ጋ ልትደውል ነው?» አለኝ።

«ልጆቹ ጋ። ነገ ያለ እኔ ሲጀምሩ እንዳይደናገጡ።»

ልነግራቸው የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር። የሚጫወቱት ዜማ ውስጥ አንዲት ቦታ አለች። ከበሮው ብቻውን ሲመታ ቆይቶ ዝም ይላል። ሁሉም ዝም ይላል። አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ የምታስገባቸው ደግሞ ከበሮዋ ናት። ልጅቷ ዝምታውን ትፈራዋለች፤ ሁልጊዜ ትቸኩላለች፤ እሷ ስትቸኩል ሌሎቹ ይበተናሉ።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህር» አለኝ። ካወቅኩት ጀምሮ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። «ተራህን ትሰጠኛለህ?»

ፖሊሷ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለች። «ጥሪው የእኔ ነው፤ የሚያወራልኝ እሱ ነው» አልኳት። ጫማ የሌለውን እግሬን አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔ ነኝ» አለ ልጅቷ ስታነሣ። «ነገ ሂጂ። አዎ፣ እኔ ነኝ የምልሽ። ከእናትሽ ጋር ሂጂ። ስሚኝ፣ ያቺ ሁላችሁም ዝም የምትሉባት ቦታ ላይ እንዳትቸኩዪ። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ትቸኩያለሽ። ትንፋሽሽን ጨርሺና ግቢ።»

እኔ ልል ያሰብኩትን ነበር ያላት። ወደ ክፍሉ ስንመለስ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ሱቁንና ቤቱን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው» አለኝ። «ዳቦ እየሸጥኩ ስሰማ ነው የምውለው። ያቺን ቦታ ስትሳሳት ሂሳብ ይጠፋብኛል።»

ቅዳሜ ረጅም ቀን ነበር። ዳቦና ቀዝቃዛ ሻይ ተሰጠን፤ ፀሐይዋ ከመስኮቷ ወደ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ተዛወረች። ከሰዓት በኋላ ሲሆን አሁን ወንበር እየደረደሩ ነው፣ አሁን ያቺ የትራምፔቷ ልጅ ከንፈሯን እያሸች ነው እያልኩ አሰብኩ። ናፈቁኝ። ልጅ የለኝም፤ ሰው ልጁን ሲናፍቅ ምን እንደሚሰማው ያን ቀን መሰለኝ ያወቅኩት። አጠገቤ ሆነው ሲያስቸግሩኝ ጆሮዬን እይዝ ነበር እኮ። አሁን አንዷን የተሳሳተች የክራር ጅማት ለመስማት ያለኝን ሁሉ በሰጠሁ።

ባለሱቁ ተነሣ። ቧንቧው ጋ ሄዶ ፊቱን ታጠበ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፤ ቀበቶ ስለሌለው ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ባባ፣ ወዴት ነው?» አሉት ማዳላው።

«ልጄ መድረክ ላይ ናት» አለ።

ሽማግሌው የሱፍ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ባለሱቁ እኔን አየኝ፤ ገባኝ። አየር ሳብኩ፤ እሱም ሳበ። መደቡን በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ወፍራሙን በመዳፉ፣ ቀጭኑን በጥፍሩ፣ ልክ እንደ ከበሮው ሁለት ፊት። እኔ የክራሩን ዜማ በአፌ ያዝኩ። ማዳላው ለካ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናቸው፤ ጥቂት አዳምጠው ከሥር በወፍራም ድምፅ ገቡ። በማናውቀው ጉዳይ የታሰሩት ሌሎቹም በጭብጨባ ተከተሉን። እንዲህ እያልን ያቺ ቦታ ደረስን። የባለሱቁ እጅ አየር ላይ ቆመ። ሁሉም ዝም አለ። ክላክሱ ብቻ ይሰማ ነበር። እኔ በዓይነ ልቦናዬ ልጅቷን አየኋት።

ቸኮለ። ራሱ ቸኮለ! ትንፋሻችንን ሳንጨርስ መደቡን መታው፤ ሁላችንም ተበታተንን፤ ማዳላው በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቀ፤ «ከእሷ ወርሼ ነው» አለ። ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመርን።

ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያች ቦታ ስንቃረብ ጠባቂው በሩን በዱላ ደበደበ። «ማይ ፍሬንድ! ዝም በል!»

ባለሱቁ እጁን አላቆመም። ከደንበኞቹ በተማረው ዙሉ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ወንድሜ፣ ስንጨርስ ዝም እንላለን» አለው። እጁ አየር ላይ ቆመ። አንድ ሙሉ ትንፋሽ ጠበቀ። ከዚያ ገባን፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ። እስከ መጨረሻው ሄድን። ስንጨርስም፣ እንዳለው፣ ዝም አልን። ጠባቂው ትንሽ ቆሞ ነበር የሄደው።

ሰኞ ያለ ክስ ተለቀቅን። ልጆቹ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ማሪምባ የሚመታው ልጅ የጠፋችውን ጫማዬን ይዟል፤ ቀለም ቀብቷታል። ልጅቷ አባቷ ፊት መጥታ ቆመች። አላቀፋትም።

«ቸኮልሽ?» አላት።

«ትንሽ» አለችው።

ያን ዝግጅት እስከ ዛሬ አላየሁትም። ስልክ ላይ ቀድተውታል፤ ልላክልህ ያለኝ ብዙ ነው። እኔ ታስሬ የሰማሁት ይበቃኛል።

የአይቮሪ ፓርኩ ሱቅ በዚያው ዓመት ተዘረፈ። የሰውየው የመኖሪያ ወረቀትም አልታደሰለትም። ሆሳዕና ተመለሰ፤ ሚስቱና ልጁ እዚህ ቀሩ። ልጅቷ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንንሾቹን ከበሮ የምታስተምረው እሷ ናት። ልምምድ ልንጀምር ስንል ለአባቷ ትደውልና ስልኩን አንድ ባዶ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። እሱ እዚያ ጠረጴዛ ይመታል። ያ ችኩል ሰው ኔትወርኩ ስለሚይዘው አሁን ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ምቱ የሚደርሰን እኛ ካለፍን በኋላ ነው። ማንም አያርመውም።

አዲስ የመጡት ልጆች ግን አንዳንዴ አየር ስበው ወዲያው ለመጀመር ይነሣሉ። ያኔ ልጅቷ እጇን ከፍ ታደርጋለች።

«አንድ ሰው ገና አልሳበም» ትላቸዋለች።

ልጆቹ መሣሪያቸውን ይዘው ወንበሩን ያያሉ። እኔም አያለሁ። ከስልኩ የትንፋሹ ድምፅ እስኪመጣ እንጠብቃለን፤ ከዚያ እንጀምራለን።