የሙዜት ቀንድ

ዮቭና ቀንድ ጠራቢ ነው። በሰሜን ኖርዌይ፣ በካውቶኬይኖ ዙሪያ፣ ቢላ የታጠቀ ወንድ ሁሉ እጀታው የዮቭና እጅ ሥራ ነው ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። አጋዘን በየዓመቱ የሚጥለውን ቀንድ ሲያመጡለት መጀመሪያ ያሸታል፣ ቀጥሎ በጥፍሩ ይቧጭራል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይቺ መካን ናት፣ ይቺ ወልዳለች፣ ይሄ ደግሞ ኮርማ ነው፣ ለዚያውም ጉረኛ» ይላል። ጉራውን ከምኑ እንዳወቀ እግዜር ይወቅ። ኮርማና ሰንጋ በመለየት ግን ተሳስቶ አያውቅም። ኮርማ ለፍልሚያ ሲዘጋጅ ቀንዱን ከዛፍ ጋር እያፋተገ የለበሰውን ቆዳ ስለሚገፈው ቀንዱ ንጹሕ ነው። የተኮላሸው ጋሪ ጎታች ሰንጋ ግን ማንን ሊያስደንቅ ብሎ ያፋትጋል? ቆዳው በየቅርንጫፉ ሥር ደርቆ ይቀራል።

አንድ ቀን፣ በረዷማው ክረምት ሊገባደድ ሲል፣ የልጅነት ጓደኛው ሄይካ አንድ ቀንድ በብብቱ ሸጉጦ መጣ።

«የሙዜት ነው» አለ ዓይኑን ወደ ምድጃው እያሸሸ። «አምና የጣለው።»

ሙዜት የሄይካ ሚስት የኤሌ ሰንጋ ነበር። እናቱ ስትሞት በጡጦ አጥብታ አሳድጋው፣ ዕድሜውን ሙሉ የበረዶ ጋሪዋን ሲጎትትላት ኖሮ በመከር ሞተ። ከዚያ ወዲህ ኤሌ አልሳቀችም፤ መርፌም አልነካች።

«ለፋሲካ መርፌዎቿን የምታኖርበት መርፌ ቤት ሥራልኝ» አለ ሄይካ። «ስታየው መስፋት ትጀምር ይሆናል። ዝምታዋ ሊገድለኝ ነው እኮ ወንድሜ! ስድቧ ራሱ ናፈቀኝ።»

ዮቭና ቀንዱን አገላብጦ አየው። አንዲት ቁራጭ ቆዳ የለችበትም። ኮርማ ነው፤ ሄይካ ዋሽቷል። ደህና ሰው ቢሆን እዚያው በነገረው ነበር። ዮቭና ግን ተንኮል ከሚያመልጠው እራት ቢያመልጠው የሚመርጥ ሰው ነው። በፋሲካ፣ በሰው ፊት፣ «ለመሆኑ ሙዜት ከመቼ ወዲህ ነው ኮርማ የሆነው?» ብሎ ሲጠይቅ ታየው። ኤሌ ከሳቀች በባሏ ብትስቅስ ምን ነውር አለው?

«እውነትም ሙዜት!» አለ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «ጠረኑ ራሱ ይናገራል።»

በማግስቱ ከሐይቁ በረዶ ሥር የዘረጋውን የዓሣ መረብ አይቶ ሲመለስ ውሻው ቼህፒ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞ የቀንዱን የመጨረሻ ቁራጭ ይቆረጥማል። ጭራውንም እንደ ጻድቅ ይቆላል።

ዮቭና ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ ከራሱ ክምር እውነተኛ የሰንጋ ቀንድ መረጠ። ጓደኛውን ሊያጋልጥ የተነሳው ሰው የጓደኛውን ውሸት ማሳመር ያዘ። መሐሉን ፈለፈለ፣ ላዩን አለሰለሰ፣ ጋሪ የሚጎትት ሰንጋ ቀረጸበት፣ ቅርጹንም በዛፍ ልጥ ቀለም አቀላው። እንዲያ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። ኤሌ ብታውቅበትና ሐዘኗ ቢብስ ዳግም በሯን መርገጥ እንደማይችል ያውቃል።

በፋሲካ ሄይካ ቤት ሥጋው ተበልቶ፣ ቅልጥሙ ተመጥምጦ ካበቃ በኋላ መርፌ ቤቱ ወጣ። ኤሌ አሸተተችው። በጥፍሯ ቧጨረችው።

«ሰንጋ ነው» አለች።

ኮርማ ያመጣው ሄይካ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ግን ሙዜት አይደለም።»

ተነስታ ከአልጋዋ ሥር ሳጥን ጎተተችና በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ቀንዶች አወጣች። «የሙዜት እነዚህ ናቸው። ማንም እንዳይነካቸው እኔ ነኝ የደበቅኳቸው። አንተ ሽማግሌ፣ ምን ይዘህለት ሄድክ?»

«የኮርማ» አለ ሄይካ በቀጭን ድምፅ። «የሙዜትን ፈልጌ ፈልጌ ባጣው ጊዜ...»

«አንተስ ዮቭና፣ አላወቅህም?»

«ዐውቄያለሁ። ዛሬ ላዋርደው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ታዲያ ኮርማው የት ሄዶ ተኮላሸ?»

ዮቭና አቀረቀረ። «ቼህፒ በላው።»

የኤሌ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዮቭና አስለቀስኳት ብሎ ክው ሲል ሳቋ ፈነዳ፤ ወንበር ይዛ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ሄይካም ሚስቱ ስትስቅ አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዮቭና አፈረ፤ ደስታው ግን ከሐፍረቱ በለጠ።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለች ኤሌ ዓይኗን እየጠረገች። «የእናንተስ እዚህ መድረሱም ይገርማል።» ከሁለቱ ቀንዶች አንዱን አንስታ ትንሽ አቅፋ ያዘችውና ለዮቭና ሰጠችው። «በል የእውነቱን ሥራልኝ። እስክትጨርስ ግን ውሻህ እዚህ ይታሰራል።»

«በምን ታስሪዋለሽ? ገመዱን ሁሉ ይበላል እኮ!»

ኤሌ ለውሻ ማሰሪያ የሚሆን ወፍራም የቆዳ ቁራጭ ፈልጋ አመጣችና ባሏን ዞር ብላ አየችው።

«ምን ትገተራለህ? መርፌዬን አቀብለኝ።»