ያለ እሷ የማይነድ ምድጃ

እኔ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ «መማር በቃኝ የሚባል ነገር አይደለም፤ የሚማር ሰው በሥራው ያድጋል» እያልኩ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። አሁን አሁን እዚያች ቃል ላይ ስደርስ እህቴ ትመጣብኛለች።

ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። አባታችን ሲሞት እኔ እንድማር ብላ የራሷን ትምህርት ከመሃል አቋርጣ ብስኩት ፋብሪካ ገባች። ይህን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳው ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ ተጣልተን ይወጣልኝ ነበር።

የመደቧት ምድጃ ላይ ነው። ረጅም የብረት ዋሻ በሉት፤ ሊጡ በአንዱ አፍ በሰንሰለት ይገባል፣ በሌላው አፍ ብስኩት ሆኖ ይወጣል። ግን አመሉ! ዝናብ ሲጥል አንድ ጠባይ፣ ፀሐይ ሲወጣ ሌላ ጠባይ። ግራ ጎኑ ያሳርራል፣ ቀኝ ጎኑ ጥሬውን ይተፋል። እትዬ አጠገቡ ቆማ ሽታውን ሳብ ታደርግና «ሊቆጣ ነው» ትላለች፤ እሳቱን ቀነስ፣ ሰንሰለቱን ፈጠን ታደርጋለች፤ ወዲያው ይገራላታል። እሷ የቀረች ቀን ግን ጉድ ይፈላል። ግማሹ ከሰል፣ ግማሹ ሊጥ።

ስለዚህ እረፍት የሚባል ነገር አታውቅም። ታማ ተኝታ ይደውላሉ። እናታችንን በቀበርን ማግስት እንኳ ደወሉ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ እሷ ጥግ ይዛ «የግራውን ቫልቭ መለስ አድርጉት… አይ፣ ሌላኛውን፣ የላዩን!» ስትል አንጀቴ ቅጥል አለ። ስልኩን ዘጋችና በዚያ ባበጠ ዓይኗ እያየችኝ ፈገግ አለች።

«ያለኔ እኮ አይሆንላቸውም» አለችኝ።

እህቴን የበላቻት ይቺ ቃል ናት።

እትዬ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የፈረቃ አለቃ መሆን። አለቃ ለመሆን ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ሰርተፊኬት ደግሞ የሚገኘው ፋብሪካው ሥልጠና ሲልክ ነው። ፋብሪካውም ይልካል፤ አልላከም ብዬ አላማውም። ግን አመራረጡን ስሙልኝ። አስተዳደሩ የክፍል ኃላፊዎችን ይሰበስብና «ሥራ ሳይበደል ማንን መልቀቅ ትችላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ማን ቢማር ይጠቅመናል አይደለም፤ ማን ቢሄድ አይጎዳንም ነው ጥያቄው። በሉ እንግዲህ፣ በዚህ ወንፊት የሚያልፈው ማን ይመስላችኋል? ሥራ ፈቱ ነዋ!

እዚያ ቤት ሥራ ፈቱ ቱሪስቱ ነበር። እጁን ኪሱ ከትቶ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር ፋብሪካውን ሊጎበኝ የመጣ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣለት። ከእትዬ ጋር ባንድ ጊዜ ተቀጥረው እዚያው ምድጃ ላይ ነበር የተመደቡት፤ እሷ ስትሠራ እሱ ያወራታል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ የታመመ ይጠይቃል፣ የማንንም ልጅ ስም አይረሳም። ብቻ ከዚያ ምድጃ አጠገብ ቢጠፋ ማንም ልብ አይለውም፤ ስለዚህ ሥልጠና በመጣ ቁጥር የሚላከው እሱ ነው። ጽሑፍ ያለበት ኮፍያ ደፍቶ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ገጹ ያልተገለጠ ሃንድአውት ይዞ ይመለሳል።

ያንን ሃንድአውት እትዬ ትለምነዋለች። «ውሰጂው እባክሽ፣ ሸክም ነው የሆነብኝ» ይላታል። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛችን ላይ ትዘረጋውና እኔን ትይዘኛለች። ይሄ ቃል ምንድን ነው? ያኛውስ? መዝገበ ቃላት አገላብጬ ትርጉሙን እነግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ ነገሩን ከምድጃዋ ጋር አገናኝታ መልሳ ለእኔ ታስረዳኛለች። «አሃ! ለካ ለዚህ ነው ዝናብ ሲጥል የሚያኮርፈው!» ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠፍ ስታደርግ ብታዩዋት፣ እንደዚያ የሚማር ልጅ ክፍሌ ውስጥ ኖሮኝ አያውቅም።

ልላክ ብላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መግባቷ አልቀረም። በገባች ቁጥር ሰውየው ከወንበሩ ብድግ ይልላታል።

«አንቺ ደግሞ ምን ትማሪያለሽ? አንቺ ራስሽ ትምህርት ቤት ነሽ! በሚቀጥለው ዙር፣ ግድ የለም።»

እሷም እየሳቀች ቤት ትመጣለች። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ሰውየው እየሸነገለሽ ነው። አንድ ነገር ልምከርሽ?»

«ምከሪኝ እስቲ፣ የኔ አስተማሪ።»

«አሳርሪው። አንድ ቀን፣ አንድ ዙር ብቻ ይረር። ያኔ ‹ለካ ያለ እሷም ያው ነው› ብለው ይልኩሻል።»

ልጅሽን ጣይ ያልኳት ይመስል አፍጥጣ አየችኝ።

«ብስኩቱ ምን አደረገኝ?» አለች። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። ምሳ እስክንበላ ድረስ አኮረፈችኝ።

በሚቀጥለው ዙር እየተባለ ዕድሜ ነጎደ። የቱሪስቱ ሰርተፊኬት ግን እየተደራረበ ሄዶ የፈረቃ አለቃ አደረገው። ቆይቶ የምርት ኃላፊ ሆነ። የምርት ኃላፊ የሆነ ዕለት ወደ ምድጃዋ መጥቶ፣ እጁን እንደልማዱ ኪሱ ከትቶ፣ «እትዬ፣ በርቺልኝ እንግዲህ» ብሏት ሄደ። ያን ቀን ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ያ ክብሪት መጫር የማይችል ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰርተፊኬት አለው» አለች።

ከዚያ አዲሱ ምድጃ መጣ። እንደ ስልክ በጣት የሚነካ መስታወት ያለው፣ ሙቀቱን ራሱ የሚለካ። እሱን የምታንቀሳቅስ ከኮሌጅ የወጣች ልጅ አብራ ተቀጠረች፤ ቀልጣፋ፣ ሰው አክባሪ ልጅ። የእትዬ ምድጃ ጎን ለጎን መሥራቱን ቀጠለ፤ ግን የሚገባለት ሊጥ በየጊዜው እያነሰ መጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። እሷ ስትሮጥ ያየኋት ከልጅነታችን ወዲህ ያን ቀን ነው።

«ተመረጥኩ! እኔ ነኝ የምሄደው! ራሱ ነው የነገረኝ፣ ቱሪስቱ!»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ተቃቅፈን አለቀስን። ደብተር ገዛሁላት፤ ትምህርት ቤት የምይዘውን ቦርሳዬን ሰጠኋት፤ ፀጉሯን ተሠራች። ያንን የአስተዳደሩን ጥያቄ ሁለታችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሆኖም ለምን አሁን ብሎ የጠየቀ የለም።

ሥልጠናው ሌላ ከተማ ነው። ማታ ማታ ትደውልልኛለች፤ ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኗል። ዛሬ አስተማሪው እንዲህ ብሎ ጠይቆ፣ እኔ እጄን አውጥቼ፣ ሃንድአውቱ ላይ ያነበብነው እኮ ነው፣ ትዝ ይልሻል? ትዝ ይለኛል እትዬ። «ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ነው የማደርገው፤ አስተማሪውንም አስፈቅጃለሁ» አለችኝ። «ከፋብሪካ ሊደውሉ ይችላሉ፤ ምድጃው ለማንም እሺ አይልም።»

ቀኑ ሄደ። በመሃል በመሃል «ወዳንቺስ አልደወሉም?» ትለኛለች። ለምን ወደ እኔ ይደውላሉ? ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አንድ ማታ ወሬዋን ድንገት አቋረጠችና፣

«እስቲ ልዝጋውና መልሰሽ ደውይልኝ» አለች። «ስልኬ የተበላሸ መሰለኝ።»

ደወልኩላት። አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳችው።

«ይሠራል» አለች።

«ይሠራል፣ እትዬ።»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ደህና እደሪ እንኳ አልተባባልንም።

ስትመለስ ምድጃው የለም። የነበረበት ቦታ ላይ ዘይት የጠጣ ጥቁር ሲሚንቶ ቀርቷል፤ እሷ በሄደች ማግስት ነው አፍርሰው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ የሸጡት። ቱሪስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ከኪሱ አውጥቶ አናገራት።

«ሲፈርስ ባታዪው ይሻላል ብዬ ነው የላክሁሽ፣ እትዬ። አስቤልሽ ነው እኮ።»

እውነቱን ነው፤ አስቦላታል። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። የፈረቃ አለቃነቱስ ብላ ብትጠይቅ፣ እሱ አሁን በዲግሪ ሆኗል አሏት። ካርቶን የሚያጥፉት ዘንድ መደቧት። ሰርተፊኬቷን በመስታወት አስገብቼ ልስቀል ብል እጄን ያዘችኝ። ከአልጋዋ ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው።

ባለፈው እሁድ ያቺ የአዲሱ ምድጃ ልጅ ልትጠይቃት ቤታችን መጣች፤ ካወጣችው ብስኩት አንድ ፓኮ ይዛ። ሻይ እየቀዳሁላቸው ነበር። አዲሱም ምድጃ አመል አውጥቷል አለች፤ ከሷ እጅ ሲወጣ ያስቸግራል፤ ትናንት እንኳ እረፍቷ ሆኖ ሳለ ደውለው አስመጥተዋታል። ለከፍተኛው ሥልጠና ብታመለክትም በሚቀጥለው ዙር ተብላለች።

«ሥራ አስኪያጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?» አለች ልጅቷ፣ ደስታዋ ከፊቷ እየፈሰሰ። «‹አንቺ ራስሽ ትምህርት ቤት ነሽ!› አይለኝም!»

የያዝኩት ማንቆርቆሪያ እጄ ላይ ቆመ። እትዬን ማየት ፈራሁ።

እትዬ ከፓኮው አንድ ብስኩት መዘዘች። እንደልማዷ ገልብጣ ሥሩን አየች፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ጥሩ በስሏል» አለች። ቀጥላ ልጅቷን ቀና ብላ አየቻትና፣ «ነገ አሳርሪው» አለቻት።

ልጅቷ ሳቀች። «አይ እትዬ! ቀልደኛ ነሽ እኮ!»

«አልቀለድኩም። ነገ ጠዋት፣ የመጀመሪያውን ዙር፣ ከሰል እስኪሆን አሳርሪው።»

ብስኩቱንም ሳትቀምሰው ሳህኑ ላይ መለሰችው።