የሚያነክስ እግር

እትዬ ፀሐይወርቅ ግራ እግራቸውን የሚጎትቱት በፈረንጅ አገር፣ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር ባለ የሳንድዊች ፋብሪካ፣ እንደ ፍሪጅ በሚቀዘቅዝ ክፍል ለዓመታት ቆመው ሲሠሩ ጉልበታቸው ስላለቀ ነው። እሑድ እሑድ ግን ከሚኖሩበት ከኪልበርን አውቶቡስ ቀያይረው ቤተ ክርስቲያናችን ወዳለበት ወደ ኬኒንግተን ይመጣሉ። ለጳጳስም ቢሆን ምላሳቸውን አይሰበስቡም፤ እኔም የምወዳቸው ለዚሁ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት የተከፈለችው በአንድ ስም ሰበብ ነው፤ በቅዳሴ ላይ የየትኛው አባት ስም ይጠራ በሚል። በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ባልና ሚስት አውቃለሁ። የተከራየነውን አዳራሽ ተካፍለን አንዱን እሑድ እኛ እንቀድስበታለን፣ ሌላውን እነዚያ ይቀድሱበታል። እትዬ ፀሐይወርቅ ከሁለቱም ጋር ያስቀድሳሉ። ታቦቱ አንድ ነው ይላሉ፣ አለቀ።

ሁለቱ ወገኖች ዓመቱን ሙሉ የተስማሙበት ነገር ቢኖር እሳቸው ከሁለቱም ጋር ማስቀደሳቸውን ማስቆም ነው። ስብሰባ ተጠራና ሰባኪው ዘማርያም፣ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ለእስራኤል የተናገረውን ጠቀሰ። "እስከ መቼ በሁለት አሳብ ታነክሳላችሁ?" አለና የእትዬን ጉልበት አየ። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ዞር ብዬ ገላመጥሁት።

እሳቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"እኔ የማነክሰው በእግሬ ነው፣ ልጄ። ኤልያስ ያስመረጠው በእግዚአብሔርና በጣዖቱ በበኣል መካከል ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ከሁለታችሁ በኣል የትኛው ነው?"

ሰብሳቢው፣ መዝገቡ የሚባለው ሰው፣ ተነሣና፣ ወገኑን ያልለየ ሰው ሲሞት እድሩም እንደማይቀብረው፣ ካህኑም ፍትሐት እንደማያደርስለት አስታወቀ። ይህ ቀላል ዛቻ አይደለም። እትዬ ልጅ የላቸውም፤ በሰው አገር ያለ ፍትሐት መቀበርን እንደሚፈሩ እሱም አሳምሮ ያውቃል። አንዱን ወገን ይምረጡና ይገላገሉ ብዬ ተመኘሁ።

"እንግዲያው በደንብ ስሙኝ" አሉ። "ስሞት አንዳችሁ በራስጌ፣ አንዳችሁ በግርጌ ትሸከሙኛላችሁ። አንደኛው ወገን ብቻውን ከመጣ ግን አልነሣም።"

እያነከሱ ወጡ።

የሚቀጥለው እሑድ ተራው የእነዚያ ነበር። እትዬን በር ላይ ጠበቅኋቸው፤ ክንዳቸውን ይዤ አብሬአቸው ገባሁ።