ከዕድር የሰረዝኩት ጓደኛዬ

በአቃቂ የወንዶች ዕድራችን ዳኛው ይፈርዳሉ፣ ጡሩምባ ነፊው ሞት ያስታውቃል፣ ጸሐፊው ስም ይጠራል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ቀብር እንዳበቃ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይበተን መዝገቤን ገልጬ እጣራለሁ፤ «አቤት» ያላለ ቀሪ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል የሚለውን አንቀጽ ያረቀቅኩትም እኔው ነኝ። ያኔ ሁሉም አጨበጨበልኝና ልቤ አበጠ።

በዚህ አንቀጽ መጀመሪያ የተያዘው የቅርብ ጓደኛዬ ሆነ። ፋብሪካ አብረን ሠርተን፣ ተጎራብተን የኖርን ሰዎች ነን። ቤቱ ለልማት ሲፈርስ ኮዬ ፈጬ ምትክ ኮንዶሚኒየም ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ጠብቆ፣ ታክሲ ቀይሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቀብር ሲደርስ ስም ተጠርቶ አልቋል። በሦስተኛው ጊዜ «ይኸው መጣሁ እኮ፣ አንተ ሰው!» ሲለኝ፣ «መዝገብ ተዘግቷል ጌታው» ብዬ ሰው ፊት ቀለድኩበት። ሰዉም ሳቀ። እኔ ደግሞ ራሴን ቁም ነገረኛ አድርጌ ነበር የማየው።

በወሩ ስብሰባ መሰረዙን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። አልተከራከረም፤ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አፍሬ አልደወልኩለትም።

ባለፈው ክረምት ልጁ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አባዬ አረፈ። ለዕድሩ ይንገሩልን፤ ቀብሩ ነገ ነው» አለች። መሰረዙን ለቤተሰቡ እንዳልነገራቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ዳኛው ቤት ሮጥኩ።

«ዳኛችን፣ ይቅር ይበሉት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የተሰረዘን የሚመልሰው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚቀጥለው ወር ነው። አንተው አይደለህ እንዴ የጻፍከው?» አሉኝ። አዝነው ነው ያሉኝ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ኮዬ ስደርስ ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም። ጎረቤቶቹ ገና እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ሰባት ስምንት ሰው ሕንጻው ሥር ቆሟል። ልጅቷ ስታየኝ ፊቷ በራ። «ሌሎቹስ?» አለችኝ። «መንገድ ላይ ናቸው» አልኳት፤ ከአፌ እንዴት እንደወጣ እግዜር ይወቀው።

ቄሱ ሰዓቱ ደርሷል፣ አስከሬኑ ይውጣ አሉ። እሷ መንገድ መንገዱን እያየች፣ «አባ፣ ትንሽ ይታገሱን፤ የአባዬ ዕድር እየመጣ ነው» ብላ ለመነቻቸው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እኔም መንገድ መንገዱን አየሁ፤ አብረን ጠበቅናቸው።