መዝጊያ ያልተጻፈበት ስለት

ሸዋአየሁ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድም ማህደር ጠፍቶባት አያውቅም። ኃላፊ መጥቶ ኃላፊ ሄዷል፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ማህደሮቹ ግን ባሉበት ናቸው። ደንቧ አጭር ነው፤ የተከፈተ ነገር ይዘጋል። በየሽፋኑ ላይ የተከፈተበት ቀን በግራ፣ የተዘጋበት ቀን በቀኝ ይጻፋል። ቀኙ ባዶ የሆነ ማህደር ካየች ምሳ አይበላላትም።

ይቺው ሴት ናት እንግዲህ በገዛ ራሷ ላይ ሦስት ነገር ከፍታ፣ አንዱንም ሳትዘጋ ሃያ አምስት ዓመት የኖረችው። ወይ ጉድ!

ነገሩ የተጀመረው በ1985 ነው። የበኩር ልጇ ዮአብ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሳንባ ምች ያዘውና ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋ ጀመር። ሐኪም ቤት መርፌውን ወግተው «እንግዲህ እናያለን» አሏት። «እናያለን» የሚባል ነገር የእናት ጆሮ ሲሰማው ሌላ ነው። ቤቷ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለች የቀበሌ ቤት ናትና ሮጣ ከደጁ ወደቀች። ሌላው ሰው ጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፣ ሙክት ይሳላል። ሸዋአየሁ የምትሰጠው ብታጣ ከራሷ ቆረጠች። «ቂርቆስ ሆይ፣ ልጄን ብታተርፍልኝ ስኳር በአፌ አይዞርም» አለች። እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገረችም። በጭንቅ ሰዓት ቀን የሚቆርጥ ማን አለ?

ዮአብ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ጠየቀ። ስኳር በዚያው ቀረ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሸዋአየሁ ሻይ በስኳር ሳይሆን ስኳር በሻይ የምትጠጣ ሴት ነበረች።

በ1993 ደግሞ የመጨረሻዋ ልጅ ጦቢያ አራት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች፤ መናገር ግን የለም። ባሏ አጥናፉ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ከመኪናው በቀር በምንም ነገር ሲቸኩል አይታይም። «ዝም አይነቅዝም፣ ተያት» አላት። ሸዋአየሁ አልተወቻትም። እንደገና ቂርቆስ ሄዳ «የዚህችን ልጅ አንደበት ፍታልኝ እንጂ እኔ መሬት እተኛለሁ» አለች። ወር ሳይሞላ ጦቢያ ተናገረች። የመጀመሪያ ቃሏ «አባዬ» የሚል ነበር። ሸዋአየሁ ይህን እንዳልሰማች ሆና አለፈችው፤ ሰሌን ገዝታ መጥታ ከአልጋው ሥር አነጠፈች።

አጥናፉ ሚስቱ ከአልጋ ስትወርድ አየ። አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም፤ ስለት ከተወራ ይቀላል ብላ ታምናለች። እሱ ለብቻው ሲያስብ ሰንብቶ ምክንያቱን ደረሰበት፦ ማንኮራፋቱ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጎኑ መተኛት ጀመረ። ትራስ ደረበ፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጠ፤ አንድ ክረምት ሙሉ አፍንጫውን በጨው ውኃ አጠበ። እሷ ግን አልወጣችም። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ቻለው።

ሦስተኛው ታክሲ ነው። በ1999 መካከለኛዋ ልጅ ፍሬሰላም ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትፈተን ሸዋአየሁ ልጅቷን ሒሳብ ይጥላታል ብላ ፈራች። «ካለፈች ታክሲ አልሳፈርም» ብላ ተሳለች። ፍሬሰላም ዘጠና ሁለት አመጣች። እንዲያው ለነገሩ ልጅቷ በሒሳብ ደክማ አታውቅም ነበር፤ ግን ስለት ስለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሸዋአየሁ ማለዳ ከቂርቆስ ተነሥታ፣ መስቀል አደባባይን አቋርጣ፣ ዳገቱን ይዛ ካዛንቺስ በእግሯ ትደርሳለች። የከተማው ባቡር ሲጀመር «ታክሲ አልኩ እንጂ ባቡር መቼ ወጣኝ» ብላ ሁለት ቀን አሰበችበት። ኋላ ግን ቅዱስ እንዲህ በቀላሉ የሚሸወድ ስላልመሰላት ተወችው።

አራተኛም ነበር፤ ዮአብ መንጃ ፈቃድ ሲፈተን ሎሚ አልቀምስም ብላ ተሳለች። ዮአብ ወደቀ። ሎሚ በማግስቱ ተመለሰ።

ልጆቹ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቁም። እነሱ የሚያውቋት እናት ስኳር የማይስማማት፣ የእግር መንገድ የምትወድ፣ «መሬት ለወገብ ጥሩ ነው» የምትል ሴት ናት። ሰው ጠበቅ አድርጎ ከጠየቃቸው «ፋዘር ያንኮራፋል» ይላሉ።

በ2009 ክረምት ጉልበቷ እምቢ አለ። አንድ ማለዳ ከሰሌኑ ልትነሣ ብትሞክር አልታዘዝ አላት። አጥናፉ በአንድ ክንድ፣ ነርስ የሆነችው ፍሬሰላም በአንድ ክንድ ይዘው አቆሟት። ሐኪሙ ራጁን አየና «መሬት መተኛትና ዳገት መውጣት ካላቆሙ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በምርኩዝም አይሄዱም» አላት። «እሺ» ብላ አመስግናው፣ ከሐኪም ቤት እስከ ቤቷ በእግሯ መጣች።

ለእንቁጣጣሽ ዮአብና ፍሬሰላም የአንድ ሰው አልጋ ከነፍራሹ ገዝተው አመጡላት። አባታቸው እንደ ልቡ ያንኮራፋ ብለው ነው። ሸዋአየሁ አልቅሳ መረቀቻቸው። አንሶላ አለበሰችው። ከዚያ የታጠበ ልብስ አጣጥፋ ደረደረችበት። ማታ ማታ ልብሱ አልጋ ላይ፣ እሷ ሰሌን ላይ ይተኛሉ።

«እማ፣ ይሄን አልጋ የገዛነው ለልብስ ነው እንዴ?» አለች ፍሬሰላም ሳምንት ጠብቃ።

«እንዳይጨማደድ ብዬ ነው።»

«አንቺስ ብትጨማደጂ?»

ሸዋአየሁ የተደረደረውን ልብስ አቃናች። የምትፈራው ለራሷ አልነበረም። ጦቢያ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሆናለች፤ ዛሬ ወሬ ስትጀምር መቆሚያ የላትም። ያን አንደበት ከዚህ ሰሌን ጋር ያሰረችው ግን ሸዋአየሁ ናት። ሰሌኑ ከተነሣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ፣ ጓደኞቿ መሐል፣ ቃሏን ሳትጨርስ ዝም ብትልስ? ስኳር ቀምሳ ዮአብ ደረቱን ቢይዘውስ? ጉልበትማ ምን አላት፣ ጉልበት ሁለት ነው፤ ጦቢያ ግን አንድ ናት።

ቢሆንም ጉልበቱ ባሰበት። ጥቅምት አምስት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቂርቆስ ግቢ ውስጥ ከዛፉ ሥር የነፍስ አባቷን አባ ተወልደን አገኘቻቸው። ከፌስታል ውስጥ ማህደር አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስለቴ ነው አባ። እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው።»

አባ ተወልደ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ቀኑ በግራ፣ ምክንያቱ በመሐል፤ ሁሉም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ሎሚው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«በቀኝ በኩል ያለው ባዶስ?»

«የሚዘጋበት ቀን ነው።»

«ለምን አልሞላሽውም?»

«ስንጀምር አልተነጋገርንም አባ።»

«ልጆችሽ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ባልሽስ?»

«እሱ ያንኮራፋል።»

አባ ተወልደ ይህን ለማገናኘት ጥቂት ሞከሩና ተዉት። «ለመሆኑ ቂርቆስ ዕድሜው ስንት ነበር?» አሏት።

«ሦስት ዓመት።»

«ከእናቱ ጋር ከፈላው ውኃ ፊት ሲቆሙ የፈራው ማን ነው?»

«እናቱ። ኢየሉጣ።»

«ልጁስ ምን አላት?»

«አይዞሽ አላት።»

«አይዞሽ አላት። መሬት ተኚ አላት? ሻይሽን መራራ ጠጪ አላት?»

«አላላትም።»

«ታዲያ አንቺ ያ ሕፃን ያላለውን አለ እያልሽ ሃያ አምስት ዓመት ኖርሽ። በእናት የሚጨክን አስመሰልሽው እኮ ልጄ።»

ሸዋአየሁ አለቀሰች። ለዮአብ አልቅሳ ታውቃለች፣ ለጦቢያም አልቅሳ ታውቃለች፤ ይህ ግን የማን ለቅሶ እንደሆነ ለይታ አላወቀችውም። አባ ተወልደ እስክትጨርስ ጠበቁና መስቀላቸውን አሳለሟት። ከስለቱ ፈቷት። «ግን ቀኖና አለብሽ» አሉ።

ሸዋአየሁ እፎይ አለች። ቀኖና የምታውቀው ነገር ነው። «ስንት ስግደት አባ?»

«ስግደት የለም። አርባ ቀን አልጋ ላይ ትተኛለሽ። ጠዋት ሻይሽን በሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ተቀምጠሽ፣ ማንም ሳይቀድምሽ ትጠጫለሽ፤ ረቡዕና ዓርብ ከጾሙ መልስ። ሥራ በታክሲ።»

«ከዚህ ቀለል ያለ የለም?» አለቻቸው።

«የለም።»

ቀኖና ነውና ታዘዘች። በዚያው ምሽት ልብሱን አንሥታ አልጋው ላይ ወጣች። እያማተበች ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ነግቶ ስትነቃ ጉልበቷ ሳይጮኽ ተነሣች፤ ይሄ ራሱ አስደነገጣት። ሮጣ ስልኳን አነሣችና ለጦቢያ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደገመች። አይነሣም። ሻይ አፈላች፤ ከአጥናፉ በፊት ለራሷ ቀዳች፤ ሁለት ማንኪያ ጨመረች።

«ስኳር ነው እኮ የጨመርሽው» አላት አጥናፉ፤ ተሳስታ መስሎታል።

«አውቃለሁ» ብላ እንደ ኮሶ ጨክና ጠጣችው። ስልኩን ደገመች። የለም።

ታክሲ ውስጥ መስኮቱን ይዛ ተቀመጠች። አሥር ዓመት በእግሯ የወጣችው ዳገት ወዲያው አለቀ፤ እሷ ግን አላየችውም። ካዛንቺስ እስክትደርስ ስድስት ጊዜ ደውላለች። እንግዲህ ሆነ፣ አለች በልቧ፤ ሰሌኑን ለቀቅሁና ልጄ ዝም አለች።

አራት ሰዓት ላይ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሁለት መደርደሪያ መሐል ቆማ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«እማ! ስድስት ሚስድ ኮል! ምን ሆናችሁ? አባዬ ደህና ነው? ክላስ ላይ ነበርኩ እኮ፣ ስልኬ ሳይለንት ላይ ነው፣ ማለቴ መምህሩ ስልክ ከጠራ ያስወጣል፣ ባለፈው አንዷን በቃ አስወጣት! ደግሞ ዶርም ውኃ የለም፣ ሦስት ቀን እማ፣ ሦስት ቀን! እና ቁርስ...»

ሸዋአየሁ መደርደሪያውን ተደገፈች። እንዲህ ደስ የሚል ነገር ሰምታ አታውቅም።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ። ተናገሪ።»

«ምን ልናገር?»

«ዝም ብለሽ ተናገሪ።»

«ኧረ እማ፣ የሆነ ነገርማ ሆነሻል። ንገሪኝ።»

ለማንም ነግራ የማታውቀውን እንደ መዝገብ ቤት ሰው አሳጥራ ነገረቻት። «አራት ዓመትሽ ነበር። አልናገር አልሽ። ብትናገር መሬት እተኛለሁ ብዬ ተሳልኩ። ትናንት አባ ፈቱኝና አልጋ ላይ ተኛሁ። ጠዋት ብደውል አታነሺም።»

ስልኩ ጸጥ አለ።

«ጦቢያ?»

ጸጥ።

«ጦቢያ! ልጄ ተናገሪ! ዛሬውኑ መሬት እወርዳለሁ፣ ሰሌኑ አለ፣ አልጣልኩትም!»

ከወዲያ በኩል የአፍንጫ ድምፅ ተሰማ፤ ልጅቷ እያለቀሰች ነው። «እማ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰሌኑን ጣይው። ዛሬም እዚያው አልጋሽ ላይ ተኚ። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ራሴ እደውላለሁ።»

ደወለች። አርባውንም ቀን ደወለች፤ አንዳንዴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ አንዳንዴ «አለሁ፣ እያወራሁ ነው፣ ቻው» ብላ ብቻ። ሸዋአየሁ ለጦቢያ በነገረችበት ዕለት ማታ ለአጥናፉም ነገረችው።

«ማንኮራፋቴ አልነበረማ?» አላት።

«ታንኮራፋለህ። በእሱ አልነበረም እንጂ።»

አጥናፉ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባው ተኛ። ሰፈሩ ሰማው ይባላል።

ኅዳር አሥራ አምስት፣ የቂርቆስ ዕለት፣ ሸዋአየሁ ማህደሯን ይዛ አባ ተወልደ ዘንድ ቀረበች።

«አርባው ሞላ?»

«ሞላ አባ።»

«ያጎደልሽው አለ?»

«አንድ ቀን አጉድያለሁ» አለች መሬት መሬት እያየች።

«ስኳሩን ተውሽው?»

«ኧረ ጠጥቻለሁ። ሁለት ማንኪያ፣ ተቀምጬ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። ግን ቀኖና መሆኑን ረሳሁት። እንዲሁ ጣፈጠኝ።»

አባ ተወልደ ወደ ማህደሩ ጠቆሙ። «ቀኑን ታስታውሺዋለሽ?»

«ጥቅምት ሃያ ስምንት።»

«በቀኝ በኩል እሱን ጻፊ።»

ብዕሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ማህደሩን ጉልበቷ ላይ አስደገፈችና ጻፈችው።