ያላላሁት ኮፓ

ጋራዥ የገባሁት በልብስ ሰፊ እጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጥፍሬ ንጹሕ፣ አውራ ጣቴ በመርፌ የተበሳሳ። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፣ መኪና ግርግር ላይ ከአባቴ የወረስኩት የስፌት ቦታ ጨርቅ አጥቶ ተዘጋ። መኪና ግርግር በሐረር ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። ጩኸቱ ሲቀንስ ሁሉም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ወጣ። እኔ ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ባለ የመንግሥት ጋራዥ በረዳት መካኒክነት ተቀጠርኩ። ሦስት ወር ሙከራ አለብህ ተባልኩ።

ዋና መካኒኩ ጋሽ ከበደ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ሐረር ነው፤ ሙያውን የለመዱት ከአንድ ጣሊያን ነው። መጀመሪያ ቀን እጄን ገልብጠው አዩት።

«ምን ስትሠራ ኖርክ?»

«ልብስ እሰፋ ነበር፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ እዚህ የሚሰፋ የለም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አህመድ መባሌ ቀርቶ «ሰፊው» ሆንኩ። ስሙ አናደደኝ። ግን ገና ብሎን ከብሎን የማይለይ ሰው ምን አፍ አለው?

ያንኑ ቀን መኪና መፈተሻው ጉድጓድ ውስጥ ይዘውኝ ወረዱና ሞተሩን ከሥሩ አሳዩኝ።

«ቀና በል። ይሄ የሞተሩ ድስት ነው፤ ኮፓ እንለዋለን። ዘይቱ እዚህ ይጠራቀማል። ፖምፓው በዚህ ወንፊት እየሳበ ወደ ላይ ይልከዋል፤ ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ ተመልሶ እዚሁ ይንጠባጠባል። ኮፓው ከደረቀ ሞተሩ ይነክሳል፤ ብረት ከብረት ተያይዞ ይቆማል። ከነከሰ በኋላ እኔን አትጥራኝ።»

ጋሽ ከበደ ነገርን ሁለት ጊዜ አይናገሩም። ደግነቱ፣ ልብስ ሰፊም ልኬትን ሁለት ጊዜ አይጠይቅም።

በሐረር ዙሪያ ኮፓ የሚጎዳው በድንጋይ ነው። ሾፌሩ ጉድጓድ ለመሸሽ ጠርዝ ላይ ይወጣል፤ ድንጋዩ ከታች ይጠብቀዋል። የተሰረጎደ ኮፓ ባያፈስም አደገኛ ነው፤ ሥርጉዱ ወደ ላይ ገብቶ ወንፊቱን ከደፈነው ፖምፓው ዘይት እያለ ይጠማል። ስለዚህ ዘይቱን እናወርዳለን፣ ኮፓውን ፈትተን በናፍጣ እናጥባለን፣ ሥርጉዱን ከውስጥ በእንጨት መዶሻ እንመልሳለን። በኮፓውና በወንፊቱ መሀል ያለው ክፍተት መስተካከሉን ጋሽ ከበደ የሚለኩት በሊጥ ነበር። ጎረቤት ካለው ዳቦ ቤት ጭብጥ የምታህል ሊጥ አስመጥተው ወንፊቱ ላይ ይለጥፉና ኮፓውን ገጥመው መልሰው ይፈታሉ። ሊጡ የተጨፈለቀበትን ውፍረት አይተው ይፈርዳሉ። ከዚያ ሊጡ ተጠርጎ እስኪጠፋ ድረስ ማንም ሻይ አይጠጣም።

ያስቸገረን ጓርኒሲዮን ማግኘት ነበር። ጓርኒሲዮን በኮፓው ከንፈርና በሞተሩ መሀል ገብቶ ዘይቱን የሚይዘው ስስ ልባስ ነው። በዚያ ዘመን ከሱቅ ጠፍቶ ስለነበር ከካርቶን ይቆረጥ ነበር። ሌሎቹ መካኒኮች በምላጭ ሲቆርጡት አይጥ የበላው ይመስላል። እኔ ከቤት መቀሴን አመጣሁ። ኮፓውን ካርቶኑ ላይ ደፍቼ በጠመኔ ከበብኩት፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ በቆዳ መብሻ አወጣሁ። ጋሽ ከበደ አንስተው ወደ ብርሃኑ አዩትና «ከዛሬ ጀምሮ ጓርኒሲዮን የሚቆርጠው ሰፊው ነው» አሉ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው፤ አልደብቅም።

ሁለተኛው ወር ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ጂፕ መጣ። ሾፌሩ አብዲ ወደ ባቢሌ ሲወርድ ኮፓውን ድንጋይ ላይ ጥሎታል። ሥርጉዱን ጋሽ ከበደ መለሱ፤ ጓርኒሲዮኑን እኔ ቆረጥኩ፤ ብሎኖቹን ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ጥገና ካርዱ ላይ ፈረምኩ።

በሳምንቱ ጂፑ እያንጠባጠበ ተመለሰ። አንዱ መካኒክ ገብቶ አጠበቀውና ካርዱ ላይ «ጠበቅ ተደርጓል» ብሎ ፈረመ። እንደገና ተመለሰ፤ ሌላው አጠበቀ፣ ፈረመ። ሦስተኛ ሲመለስ ማንጠባጠቡ ቀርቶ መፍሰስ ጀምሯል። እኔው ገብቼ ባለኝ ጉልበት አጠበቅኩት፤ ፈረምኩ። በአራት ቀን ውስጥ ተመልሶ መጣ።

አሁን ግን ጂፑ ብቻውን አልመጣም። የመሥሪያ ቤቱ አስተዳዳሪ አብሮ መጣ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ካርዱን አንድ በአንድ አነበበ።

«አራት ጊዜ ጠበቀ ተብሎ ተፈርሟል። መኪናው ደግሞ ያፈሳል። ስለዚህ ከፈረሙት አንዱ አላጠበቀም ማለት ነው። ዘይት በውጭ ምንዛሪ እየመጣ እንዲህ ማድረግ ቸልተኝነት አይባልም፣ ጓዶች። አሻጥር ይባላል።»

ያን ቃል በዚያ ዘመን የሰማ ያውቀዋል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ጋራዡ ውስጥ መዶሻ የሚያነሳ ጠፋ።

«ጂፑ ዛሬውኑ ጅጅጋ ሄዶ ቅዳሜ ይመለሳል» አለ አስተዳዳሪው። «ቅዳሜ አንዲት ጠብታ ባይ የሚጠየቀው ሰው ስሙ አሁን ይጻፍልኝ።»

ባዶ ወረቀት ለጋሽ ከበደ ሰጣቸው። እሳቸው ካርዱ ላይ ያለውን የእኔን ፊርማ አዩ፤ መጀመሪያም መጨረሻም የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። እስክሪብቶ አወጡና የራሳቸውን ስም ጻፉ። የስድስት ልጆች አባት ናቸው። እኔ የዚያን ጊዜ ሚስትም አልነበረኝም። አፈርኩ፤ አንገቴን ደፋሁ።

አስተዳዳሪው «ወረቀቱን በአብዲ ላኩልኝ» ብሎ ሲሄድ አብዲን ጠጋ ብዬ መንገድ ላይ ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት።

«አቦ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። «ወላሂ ጠዋት ጠዋት ሳላጠብቀው ሞተር አስነስቼ አላውቅም። ባቢሌ ላይ አጠብቃለሁ፣ ጅጅጋ ስገባ አጠብቃለሁ።»

«በምን?»

ከወንበሩ ሥር መፍቻ አወጣ። እጀታው ላይ ክንድ የሚያህል የቧንቧ ቁራጭ አስገብቶበታል፤ ጉልበት እንዲጨምርለት።

«ይሄ ሁሉ ለምን፣ አብዲ?»

«አላልቶ ነዳው ቢሉኝስ? አንተም እኮ ጥርስህን ነክሰህ ነው ያጠበቅከው፤ አይቼሃለሁ።»

እውነቱን ነው። ሁላችንም በየተራ የጨመርናት ግማሽ ዙር ለሞተሩ አልነበረችም፤ ማንም ላላ እንዳይለን ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

ኮፓውን ፈታሁት። የጋሽ ከበደ ጠረጴዛ በጠፍጣፋ መስታወት የተሸፈነ ነበር። ወረቀቶቹን አነሳሁና ኮፓውን ከንፈሩን ወደ ታች አድርጌ ደፋሁበት፤ ጎንበስ ብዬ በጎን ስመለከት በብሎንና በብሎን መሀል ብርሃን ያልፋል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያው ወደ ላይ ተስቦ አብጧል። ከንፈሩ ቀዳዳዎቹ ላይ ብቻ ቆሞ መሀል መሀሉ ክፍት ሆኗል። እንዲህ ያለ ነገር አውቃለሁ። ክር ከልክ በላይ ሲሳብ ጨርቁ ስፌቱ ላይ ይጨማደድና መሀሉ አፉን ይከፍታል። ባጠበቅን ቁጥር የከፈትነው እኛው ነን።

ጋሽ ከበደን ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ኮፓው የሚያፈሰው ላልቶ አይደለም። ጠብቆ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«እና ምን ልበለው ሰውየውን? አሻጥር ብትለኝ ጊዜ አላልቼ ሰደድኩልህ ልበል?»

«ስሜን ከስምዎ ሥር እጽፋለሁ» አልኳቸው።

«ስም ምን ያደርጋል? አሠራሩን ንገረኝ። ልብስ ቢሆን እንዴት ታደርገው ነበር?»

«ከአንድ ጫፍ ጀምሬ አጥብቄ ብሰፋው መጨረሻው ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያውን በልል ክር ጠቅ ጠቅ አድርጌ አያይዘዋለሁ። ጨርቁ ቦታውን ካገኘ በኋላ ነው ወደ ስፌት መኪናው የማስገባው።»

መዶሻውን አነሱና እጄ ላይ አኖሩት። ዋና መካኒክ በገዛ እጁ ለረዳት መዶሻ ሲያቀብል ያን ቀን አየሁ።

ያበጡትን ቀዳዳዎች ብረት ላይ አስተኝቼ አንድ በአንድ ቀስ እያልኩ መታኋቸው። እየመታሁ መስታወቱ ላይ እደፋለሁ፤ ብርሃን ካለፈ እንደገና እመታለሁ። አብዲ መንገዱ እንዳይመሽበት ይቁነጠነጣል። እኔ ግን አልቸኮልኩም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብርሃኑ ሲጠፋ አዲስ ጓርኒሲዮን ቆረጥኩና ዘይት አጠጣሁት።

ብሎኖቹን ሁሉ በጣት ብቻ አስገባኋቸው። ከዚያ አጭሯን መፍቻ ይዤ ከመሀል ጀመርኩ፤ አንዱን ከዚህ፣ ትይዩውን ከዚያ፣ እያልኩ ወደ ጫፎቹ። መፍቻዋን የያዝኩት በሁለት ጣት ነው። አንድ ዙር፣ እንደገና ከመሀል ሌላ ዙር። ካርቶኑ ትንሽ ተጨፍልቆ ከንፈሩን ሲይዝ ቆምኩ።

ጋሽ ከበደ ከጎኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ። መፍቻቸውን አውጥተው አንዱ ብሎን ላይ አደረጉ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ይተዉት፣ ጋሼ።»

በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው እጅ መያዜ አስደነገጠኝ። እሳቸው ግን መፍቻውን መለሱ።

«እጄ ለምዶ ነው» አሉ።

አብዲን ያንን ባለ ቧንቧ መፍቻ ስጠኝ አልኩት።

«ዋርያ፣ መንገድ ላይ ቢላላስ?»

«ቢላላ የሚጠየቀው እዚህ ተጽፏል» ብዬ ወረቀቱን አሳየሁት። ስሜን ከጋሽ ከበደ ስም ሥር ጽፌ ነበር። ለአስተዳዳሪው የሚያደርሰውን ወረቀት ተቀብሎ መፍቻውን እያጉረመረመ ሰጠኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ የጋሽ ከበደ ዓይን ይናገር ነበር። የጅጅጋን መንገድ ድንጋይ በሐሳቤ አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጂፑ ገባ። አስተዳዳሪው ቀድሞ ቆሟል። እኔ ከቤት አንድ ክንድ አቡጀዴ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ከስፌት ዘመኔ የተረፈች የመጨረሻ ጨርቅ ነች። ጂፑ ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲቆም አደረግኩና አቡጀዴዋን ከኮፓው ሥር አነጠፍኩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ጨርቁን ስቤ አወጣሁና በሁለት እጄ ወጥሬ ፀሐይ ላይ ያዝኩት።

የመንገድ አቧራ ብቻ ነበረበት።

አስተዳዳሪው ጨርቁን ገልብጦ አየ። ጎንበስ ብሎ ኮፓውን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን አየ።

«በመጨረሻ በትክክል ያጠበቀው ማን ነው?» አለ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ከበደ መለሱ።

«ያጠበቅነውስ ሁላችንም ነን፣ ጓድ። ያላላው እሱ ነው።»

አስተዳዳሪው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ስማችን ያለበትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለጋሽ ከበደ ሰጣቸውና ጂፑ ውስጥ ገባ። እሳቸው በወረቀቱ እጃቸውን ጠረጉና ጣሉት። ከዚያ «ሰፊው፣ ሙከራህ አልቋል፤ ሰኞ የራስህን መፍቻ ይዘህ ና» አሉኝ። በዚያ ስም በመጠራቴ የኮራሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም እኮራበታለሁ።

እዚያ ጋራዥ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ሠራሁ። ጋሽ ከበደ ጡረታ ሲወጡ ዋና መካኒክ ሆንኩ፤ ባለ መስታወቱን ጠረጴዛም ወረስኩ። የአብዲ መፍቻ አሁንም እኔ ጋ ነው። በየጊዜው ይጠይቀኝ ነበር፤ አልሰጠሁትም።

ዛሬ ጓርኒሲዮኑም ማጣበቂያውም በየሱቁ ሞልቷል፤ የሚያፈስ ኮፓ ግን አልጠፋም። ኮፓ ሲያፈስባችሁ ከማጥበቃችሁ በፊት ፈትታችሁ ከንፈሩን መስታወት ላይ እዩት። ብሎን እስኪይዝ ነው የሚጠብቀው፤ ከያዘ መፍቻውን አውርዱ።